የአፈር ዕዳ ለማን ይቀራል?

«የአባት ዕዳ ለልጅ፣ የአፍንጫ እድፍ ለእጅ» ይላል ያገራችን ሰው። አባት የተበደረውን ሳይከፍል ቢሞት ልጁ ቤቱንና በሬውን በወረሰ ጊዜ ዕዳውንም አብሮ ይወርሳል፤ ንብረቱን ወድዶ ዕዳውን መካድ በሽማግሌ ፊት አያዋጣም። ዛሬ ልንነጋገርበት ያሰብነው ዕዳ ግን በወረቀት ያልሰፈረ፣ ዋስ ያልተጠራበት፣ ተበዳሪውም በግልጽ ያልታወቀ ዕዳ ነው። ይኸውም ፋብሪካዎች ለብዙ ዓመታት ሲሠሩ ከቆዩ በኋላ ሥራቸውን ሲያቆሙ ወይም ባለቤት ሲለውጡ፣ በግቢያቸው አፈርና በአጠገባቸው በሚፈሰው ወንዝ ደለል ውስጥ ትተውት የሚሄዱት መርዝ ነው። ይህን መርዝ ለማጽዳት የሚያስፈልገውን ገንዘብ ማን ያወጣል? ጥያቄው በአገራችን እስከ ዛሬ የሚገባውን ያህል አልተነሣም። ስለዚህ እኛ እናነሣዋለን።

ጥያቄውን ለማንሣት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ከኩታበር ተነሥቶ ወደ ደሴ፣ ከደሴም ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ይዞ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መንገደኛ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት ዓይነት ኑሮ ያያል። ከላይ ደጋው፣ ገብሱ፣ በጉና ብርዱ አለ፤ ከታች ደግሞ ሙቀቱ፣ የከባድ መኪናው ጩኸትና የፋብሪካው አጥር ይቀበለዋል። ይሁን እንጂ ሁለቱ ኑሮዎች በአንድ ገመድ የታሰሩ ናቸው። የደጋው ገበሬ ለበዓል ያረደው በግ ቆዳው በነጋዴ እጅ አልፎ ቁልቁል ሲወርድ ኖሯል፤ ከታች የተሠራው ቆርቆሮ ደግሞ ሽቅብ ወጥቶ የገበሬውን ቤት ከድኗል። ልጁም ትምህርቱን ሲጨርስ ሥራ ፍለጋ ዓይኑን የሚጥለው ወደ ኮምቦልቻ ነው። እንግዲህ ጥቅሙ ከዳገት እስከ ቁልቁለት የጋራ ከሆነ፣ ዕዳውም «የእነርሱ ጉዳይ ነው» ተብሎ ለኮምቦልቻ ሰው ብቻ የሚተው አይደለም ማለት ነው።

ለመሆኑ ይህ ዕዳ ምንድን ነው? ቆዳን ለምሳሌ እንውሰድ። ጥሬ ቆዳ ጠጉሩን የሚለቀው በኖራና በሰልፋይድ ነው፤ ከዚያም እንዳይበሰብስ ሆኖ የሚለፋው በክሮም ጨው ነው። በተለመደው አሠራር ቆዳው የሚጠጣው ከተጨመረው ክሮም ውስጥ ከመቶ ስድሳ ወይም ሰባ ያህሉን ብቻ ሲሆን፣ የቀረው ከእጣቢው ጋር ይወጣል። ቆርቆሮም እንዳይዝግ በዚንክ ይለበጣል፤ ከዚያም ሥራ የሚተርፍ እጣቢ አለ። ታዲያ ክሮምና ዚንክ እንደ ቄራ ደም ወይም እንደ ቢራ አተላ በጊዜ ብዛት በስብሰው የሚጠፉ ነገሮች አይደሉም። ብረቶች ናቸውና አይበሰብሱም፤ ከጭቃው ጋር ተጣብቀው ይቀመጣሉ። ክሮም ደግሞ ሁለት መልክ አለው። ለቆዳ ማልፊያ የሚገባው ዓይነት ጉዳቱ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን ማንጋኒዝ ባለበት አፈር ውስጥ ሲቆይ ወይም ሲቃጠል ወደ ሁለተኛው መልኩ ሊለወጥ ይችላል። ይህኛው በውኃ የሚሟሟ፣ ካንሰር የሚያመጣ መሆኑም በሳይንስ የተረጋገጠ ነው።

ይህን የምንለው ከመጽሐፍ ያገኘነውን ለማነብነብ አይደለም። በ2005 እና በ2006 ዓ.ም. የክረምት ወራት በኮምቦልቻ አምስት ፋብሪካዎች ፍሳሽ ላይ፣ ፍሳሹንም በሚቀበሉት ለዮሌና ወርቃ በሚባሉት ወንዞች ላይ ምርመራ ተደርጎ ነበር። ፋብሪካዎቹ የቆዳ፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቢራ፣ የሥጋና የብረታ ብረት ነበሩ። በምርመራው መሠረት ከቆዳ ፋብሪካው ፍሳሽ በአንድ ሊትር ውስጥ በመካከለኛ ልክ 26.6 ሚሊግራም ክሮም፣ ከብረታ ብረቱ ደግሞ ከ155 ሚሊግራም በላይ ዚንክ ተገኝቷል። ሁለቱም አገራችን ለፋብሪካ ፍሳሽ ከፈቀደችው ልክ እጅግ ያለፉ ናቸው። ፍሳሹ ይፈስሳል፤ ብረቱ ግን ከደለሉ ጋር እየተኛ ይቀራል።

ለዮሌና ወርቃ ትናንሽ ወንዞች ናቸው። ሆኖም ሁለቱም ወደ ቦርከና ይገባሉ፤ ቦርከናም ቁልቁል ወርዶ የጨፋን ረግረግ ካጠጣ በኋላ ከአዋሽ ይቀላቀላል። በቦርከና ዳርቻ አትክልት በመስኖ ይለማል፤ የጨፋ ሣር ደግሞ በበጋ የኦሮሞውና የአፋሩ አርብቶ አደር ከብቱን ይዞ የሚሰበሰብበት ማዕድ ነው። ስለዚህ በኮምቦልቻ አንድ ግቢ ውስጥ የቀረ ነገር በዚያ ግቢ ብቻ የሚቀር አይደለም። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ አፈሩን ያጥባል፣ ደለሉን ያነቃንቃል፣ ጥቂት ጥቂቱን እየቆነጠረ ይወስዳል። ያገራችን ሰው እያሳሳቀ ስለሚወስድ ውኃ ሲናገር እንዲህ ያለውን ነገር ያወቀ ይመስላል። በአንድ ቀን የሚገድል መርዝ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ይጮህ ነበር፤ በሃያና በሠላሳ ዓመት የሚሠራውን ግን የሚጮህለት ሰው የለም።

አንዳንድ ሰው «ፋብሪካው ሲቆም ነገሩ አብሮ ይቆማል» ብሎ ያስባል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ጭሱ ይቆማል፤ አፈሩ ግን ያው ነው። በቅርብ ዓመታት የበግና የፍየል ቆዳ ዋጋ ወድቆ፣ በዓል ባለፈ ማግሥት ቆዳው ገዢ አጥቶ ሜዳ ላይ ሲጣል በዓይናችን አይተናል። አባቶቻችን በሸጡት ቆዳ ላይ የፈሰሰው ክሮም ግን የገበያውን መውደቅ አያውቅም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜም ፋብሪካዎች ተዘርፈዋል፤ መኪናቸው ቆሟል፤ ሠራተኛው ተበትኗል። ሰው ሲሰደድ አፈሩ ግን ዕዳውን እንደ ተሸከመ በቦታው ቆይቷል። ዛሬ ከተማው እየሰፋ፣ ዳር የነበረው መሐል እየሆነ ነው። ትናንት የፋብሪካ ግቢ የነበረ ቦታ ነገ የመኖሪያ ቤት፣ የትምህርት ቤት ወይም የጓሮ አትክልት ቦታ ይሆናል። አደጋው በእጥፍ የሚጨምረው እንግዲህ ያን ጊዜ ነው፤ ሕፃን ልጅ አፈር ላይ ይጫወታል፣ እጁንም ወደ አፉ ይከትታልና።

ሕግ የለም ወይ? አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ በሦስተኛው አንቀጹ የበከለ ሰው የበከለውን እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያስገድዳል። በእውነቱ ይህ ቀና ሕግ ነው፤ «የሰበረ ይጠግን» ከሚለው ያገር ዳኝነት ጋርም ይስማማል። ነገር ግን ሕጉ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ይኸውም በካዩ በሕይወት ያለ፣ የታወቀና መክፈል የሚችል መሆን አለበት። በካዩ ከስሮ ቢዘጋስ? ፋብሪካው ሦስት ጊዜ ባለቤት ቢለውጥና የትኛው ክሮም በማን ዘመን እንደ ፈሰሰ መለየት ባይቻልስ? ጉዳቱ የተፈጸመው አዋጁ ከመውጣቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ቢሆንስ? ከሁሉ በላይ ደግሞ በካዩ መንግሥት ራሱ ቢሆንስ?

ይህ የመጨረሻው ጥያቄ የቀልድ ጥያቄ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. ትልልቁ ፋብሪካ ሁሉ ተወርሶ የመንግሥት ሆነ፤ ከዚያ በኋላ የተቋቋመውም ቢሆን በመንግሥት ገንዘብና ትእዛዝ የተቋቋመ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የፕራይቬታይዜሽን ኤጀንሲ ተቋቁሞ የመንግሥት ድርጅቶች ወደ ግል እጅ መዛወር ሲጀምሩ መኪናው ይቈጠራል፣ ሕንፃው ይገመታል፣ የመጋዘኑ ዕቃ ይመዘገባል። አፈሩ ግን እንደ ዕቃ የማይቈጠር ስለ ሆነ ዕዳው ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈ ቁጥር ባለቤቱ እየደበዘዘ ይሄዳል። ገዢው «እኔ ሳልመጣ የነበረ ነው» ይላል፤ ሻጩ «እኔ ሸጬ ወጥቻለሁ» ይላል። በሁለቱ መካከል የሚቀረው የጓሮውን ጎመን የሚበላው ጎረቤት ነው።

እዚህ ላይ የእኛን አሳብ በግልጽ እንናገር። በአገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ይህ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ተጽፏል። ከተማ ውስጥ ፋብሪካ የሚያቆም ሰው መሬቱን በሊዝ ይይዛል፣ ኪራዩንም ለመንግሥት ይከፍላል። እንግዲህ አከራይ የሆነ ሰው ኪራዩን በየዓመቱ እየተቀበለ ጣራው ሲያፈስ «እኔን አይመለከተኝም» ሊል ይችላልን? ተከራይ ያበላሸውን ተከራይ ይጠግን፤ እሰየው። ተከራዩ የጠፋ እንደ ሆነ ግን ቤቱን የሚጠግነው ባለቤቱ ነው። በሌላ አገር የመሬቱ ባለቤት የግል ሰው ስለ ሆነ ነገሩ ብዙ ያከራክር ይሆናል፤ በእኛ አገር ግን የባለቤትነት ሥልጣኑን የያዘ ሁሉ የባለቤትነት ግዴታውንም መያዝ አለበት። ስለዚህ በካይ ያልተገኘለትን መሬት ለማጽዳት የሕዝብ ገንዘብ መመደብ ምጽዋት ወይም ቸርነት አይደለም፤ የባለቤት ግዴታ ነው።

ይህ ዓይነቱ ሥራ ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ለአንበጣ፣ ለተባይና ለወባ ትንኝ ማጥፊያ ተብለው በየዘመኑ የተገዙ መድኃኒቶች ጊዜያቸው አልፎባቸው በየመጋዘኑ ተከማችተው ነበር። በርሜሉ እየዛገ፣ መርዙ ወደ ወለሉና ወደ አፈሩ ሲንጠባጠብ ብዙ ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ በ1990ዎቹ ዓመታት በውጭ መንግሥታት ርዳታና በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት አማካይነት ከአንድ ሺህ ቶን በላይ የሚሆን መርዝ ተሰብስቦ፣ ታሽጎና በመርከብ ተጭኖ ፊንላንድ ድረስ ተልኮ እንዲቃጠል ተደረገ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ከተፈለገ እንደሚቻል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ዛሬ በአካፋ የሚነሣውን ነገር ካሳደርነው ነገ በመርከብ እንደሚነሣ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ወገኖቻችንን የቀበረው፣ ለሃምሳ ዓመት ያህል ሲከመር የኖረውን ችግር ነገ ነገ እያልን ስላሳደርነው አይደለምን?

የሌላውንም አገር ነገር መመልከት ይጠቅማል። በአሜሪካ፣ በናያጋራ ፏፏቴ ከተማ፣ አንድ የኬሚካል ኩባንያ 21 ሺህ ቶን ያህል መርዝ በአንድ አሮጌ ቦይ ውስጥ ቀብሮ ሲያበቃ በ1953 እ.ኤ.አ. መሬቱን ለከተማው የትምህርት ቦርድ በአንድ ዶላር አስተላለፈው። በላዩ ትምህርት ቤት ተሠራ፤ በዙሪያው የሠራተኛ ቤቶች ተሠሩ። ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ መርዙ ወደ ምድር ቤቶቹ መግባት ጀመረ፤ በ1978 እ.ኤ.አ. የአስቸኳይ ጊዜ ታውጆ በመቶ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ቤታቸውን ጥለው ወጡ። ከዚህም የተነሣ በ1980 እ.ኤ.አ. በካይ የጠፋበትን መሬት የሚያጸዳ ልዩ ገንዘብ በሕግ ተቋቋመ። የገንዘቡ ዋና ምንጭ በነዳጅና በኬሚካል ኩባንያዎች ላይ የተጣለ ቀረጥ ነበር። ይህ ቀረጥ በ1995 እ.ኤ.አ. ጊዜው አልቆ ሲቋረጥ ሸክሙ ወደ ተራው ግብር ከፋይ ዞረ፤ ሥራውም ተጓተተ። ቀረጡ የተመለሰው ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወጡ ሕጎች ነው። በአንድ ዶላር የተላለፈ መሬት ስንት እንዳስከፈለ ልብ ይሏል።

«አሜሪካ ሀብታም ናት» የሚል ቢኖር ወደ ዛምቢያ ይመልከት። በካብዌ ከተማ የእርሳስ ማዕድንና ማቅለጫው ሥራውን ያቆመው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው። ሆኖም ከተዘጋ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ እንኳ በአካባቢው በተወለዱ ልጆች ደም ውስጥ እርሳስ በብዛት እየተገኘ ነው። መንግሥቱም ከዓለም ባንክ እየተበደረ ለማጽዳት ሲታገል ቆይቷል። ማዕድኑ ለአገሩ ያስገኘው ገንዘብ ያለቀው ቀድሞ ነው፤ ዕዳው ግን ገና በልጆቹ ላይ አለ። ድኻ አገር የአፈሩን ዕዳ ማሳደር የማይችለው ድኻ ስለ ሆነ ነው፤ ሀብታሙ ቤቱን ትቶ ሌላ ቤት ይገዛል፤ ድኻው ግን የሚሄድበት የለውም።

በእርግጥ አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ ሳናነሣው ማለፍ አይገባንም። «ጦርነት ባለፈበት፣ ሥራ አጥ በበዛበት፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ገና ባልተጠገነበት አገር ስለ አፈር ማጽዳት ማውራት ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። ይህን የሚሉት ሰዎች ክፉ አይደሉም፤ በጀት ሲያከፋፍሉ የሚያድሩ ሰዎች ናቸው። ለእነርሱ የምንመልሰው እንዲህ ነው፦ ሁሉንም መሬት በአንድ ዓመት እናጽዳ አላልንም። የመጀመሪያው ሥራ ማወቅ ነው፤ ማወቅ ደግሞ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የትኛው ግቢ ምን እንዳለበት አፈሩን ቈፍሮ፣ ናሙና ወስዶ፣ በካርታ ላይ ምልክት ማድረግ ነው። ሁለተኛው፣ የተበከለውን ቦታ ማጠርና አትክልት እንዳይተከልበት ማድረግ ነው። ከዚያ በኋላ ጉዳቱ ቀላል የሆነውን በኖራና በብስባሽ አክሞ፣ ወይም በንጹሕ አፈር ሸፍኖ ዛፍ መትከል ይቻላል፤ በጣም የከፋውን ብቻ ቈፍሮ ማንሣት ያስፈልጋል። ሐኪም ሁሉንም በሽተኛ በቢላ አይቀድም፤ አስቀድሞ ይመረምራል።

ገንዘቡም ቢሆን ፍላጎት ካለ ይገኛል። ግንቦት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. የአዲስ አበባን ወንዞች ዳርቻ ለማልማት በተዘጋጀው «ገበታ ለሸገር» ራት ላይ ለመገኘት በሰው አምስት ሚሊዮን ብር ተከፍሏል። ባለሀብቱ ለሚያየው አበባና ለሚረግጠው መንገድ እጁን እንደ ዘረጋ፣ ለማያየው አፈርም እንዲዘረጋ ማስተማር ይቻላል። ነገር ግን በራትና በመዋጮ የሚሠራ ሥራ ራቱ ሲያልቅ ያልቃል። ለዚህ የሚያስፈልገው በሕግ የቆመ ቋሚ ገንዘብ ነው። በእኛ አሳብ ምንጩ ሦስት ቢሆን ይበጃል። አንደኛው፣ ዛሬ ሥራ ላይ ያሉት ፋብሪካዎች በሚያወጡት ፍሳሽ ልክ የሚከፍሉት ይሆናል፤ አነስ ያለ ፍሳሽ ያለው ያነሰ ይከፍላል፣ ስለዚህም ፍሳሹን ለማጣራት ይተጋል። ሁለተኛው፣ ከተሞች ከኢንዱስትሪ መሬት ሊዝ ከሚሰበስቡት ላይ የተወሰነ እጅ ነው። ሦስተኛው፣ መንግሥት ራሱ የፋብሪካ ባለቤት በነበረበት ዘመን ለደረሰው ጉዳት ከጠቅላላው በጀት የሚመድበው ነው። ከዚህም ጋር የኢንዱስትሪ መሬት ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ሲተላለፍ ወይም አገልግሎቱ ሲለወጥ አፈሩ ሳይመረመር ውል እንዳይፈረም ማድረግ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ሻጩም ገዢውም ዕዳውን አውቀው ይዋዋላሉ።

ይህ ለአዲሶቹም ይጠቅማል። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የአካባቢው ወጣት ተስፋ ነው። በጦርነቱ ከደረሰበት ጉዳት ተጠግኖ እንዲሠራ፣ እንዲሰፋም የማይመኝ የለም፤ እኛም እንመኛለን። ነገር ግን ዛሬ የቦታው አፈር በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ተመርምሮ ካልተመዘገበ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ማን ምን እንዳደረገ የሚያውቅ አይኖርም፤ ልጆቻችንም ዛሬ እኛ የምንጠይቀውን ጥያቄ ይጠይቃሉ።

አሁን ወደ አንባብያን እንመለስ። ይህን ገጽ ከሚያነብቡት ብዙዎቹ ተማሪዎችና በየመሥሪያ ቤቱ በቅርቡ ሥራ የጀመሩ ወጣቶች እንደ ሆኑ እናውቃለን። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ተተክሏል። የኬሚስትሪ፣ የአፈር ሳይንስ፣ የጤናና የምሕንድስና ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሲፈልግ ከበሩ ውጭ ያለውን ወንዝ አልፎ ሩቅ መሄድ የለበትም። ሃምሳ ተማሪዎች በሃምሳ ቦታ ናሙና ቢወስዱ የከተማው ካርታ ግማሹ ተሠራ ማለት ነው። በማዘጋጃ ቤት የመሬት ክፍል የተቀመጥህ ወጣትም የሊዝ ፋይል ፊትህ ሲቀርብ «የቦታው ስፋት ስንት ነው?» ብለህ እንደምትጠይቅ ሁሉ፣ «ቀድሞ ምን ይሠራበት ነበር?» ብለህ ጠይቅ። ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ መመሪያ አያስፈልግም፤ ቀለምና ወረቀት ይበቃል። መልሱ በፋይሉ ውስጥ ከተጻፈ ከአንተ በኋላ የሚመጣው ሰው አላውቅም ሊል አይችልም።

አባቶቻችን ፋብሪካ ሲያቆሙ አገር ለማልማት ነበር እንጂ አፈር ለመመረዝ አልነበረም፤ የክሮምን ጠባይም ዛሬ እኛ እንደምናውቀው አያውቁም ነበር። ስለዚህ አንወቅሳቸውም። እኛ ግን እናውቃለን። የሚያውቅ ሰው የተወውን ዕዳ ልጁ ሲከፍል «አባቴ አያውቅም ነበር» ብሎ ሊያዝንለት አይችልም። የዛሬው ትውልድ ፋብሪካውን፣ መንገዱንና መሬቱን እንደ ወረሰ ሁሉ ዕዳውንም ይረከብ፤ ተረክቦም መክፈል ይጀምር። የመጀመሪያው ክፍያ አንድ አካፋ አፈር ወስዶ መመርመር ነው።